አንገታቸውን የደፉት ጠርሙሶች

ሰርግ ላይ ሻምፓኝ ሊከፈት ሲል ከድንኳን ሹልክ ብላ የምትወጣ አሮጊት ካያችሁ እኔ ነኝ። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼ ለዚህ አመሌ ብዙ ምክንያት አውጥተውልኛል። ልቧ ደካማ ስለሆነ የሚጮህ ነገር አትወድም የሚሉ አሉ። ሃይማኖት አጥብቃለች የሚሉም አሉ። ከታች ፎቅ ያለችው ልጅማ «እማማ ወርቄ ስጦታ የሚሰጥበት ሰዓት ሲደርስ ነው የሚጠፉት» ብላ ስታማኝ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ስጦታዬን እኮ ሁልጊዜ ቀድሜ ነው የምሰጠው፤ ይሄን እንኳ አላየችም! የሆነ ሆኖ ሁሉም ተሳስተዋል። ዕድሜዬ ገፍቷልና እውነተኛውን ነገር አንድ ጊዜ ልንገራችሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ያ ቀይ ሽብር የተባለው ክፉ ጊዜ። እኔ የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበርኩ። ላፍቶ ገና ግማሹ ማሳ፣ ግማሹ መንደር ነው። እዚያ አንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ነበር፤ እኔም ምድር ቤቱ ውስጥ እሠራ ነበር። ባለቤቱ ሙሴ እያልን የምንጠራው ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። ፋብሪካው ሲወረስ ባርኔጣውን አድርጎ አገሩ ገባ።

ከፋብሪካው ጀርባ ቁልቁል እስከ ወንዙ የሚወርድ የወይን ተክል ነበረን። ለቀዩ ወይን ጠጅ የሚሆነው ፍሬ በጭነት መኪና ከቆላ ነው የሚመጣው፤ ይሄኛው ግን የራሳችን ነጭ ወይን ነው። ላፍቶ ብርድ ስለሆነ ፍሬው ጣፍጦ አያውቅም። ትንንሽ፣ አረንጓዴ ቢጤ፣ ሲነክሱት ጥርስ የሚያደነዝዝ ነው። ለለቀማ ከፉሪ በኩል የሚመጡት የገበሬ ሚስቶች «ይሄን ወፍ እንኳ አልፎት ይሄዳል፣ ምን ሊያደርግላችሁ ነው?» እያሉ ይስቁብን ነበር። ሙሴ ግን ሻምፓኙን የሚሠራው ከዚያ ጎምዛዛ ፍሬ ነው። ለዚህ ሥራ ጣፋጭ ወይን አይሆንም፤ ዓመታት ጠርሙስ ውስጥ ተኝቶ የሚያምረው ጎምዛዛው ነው።

ምድር ቤቱን የሚመራው ጋሽ ደምሴ ነበር። ሥራውን ከሙሴ እጅ ሃያ ዓመት ሙሉ የተማረ፣ ዝምተኛ፣ ሲናደድ እንኳ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታበታለች። ያለችው አንዲት ልጅ፣ ሰናይት ብቻ ነች። ሰናይት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለቀማ ላይ አብራን ትሆን ነበር። ያንን ጎምዛዛ ፍሬ እየቆረጠመች የምትበላ አንድ ሰው ብትኖር እሷ ነች። ፊቷን ጭምድድ አድርጋ «ይጣፍጣል» ትላለች፤ አባቷን ለማስደሰት ነው።

አሁን ሥራችንን ትንሽ ላስረዳችሁ፤ ካላስረዳኋችሁ ጥፋቴ አይገባችሁም። ሻምፓኝ ሁለተኛ የሚፈላው ጠርሙሱ ውስጥ ነው። እርሾና ጥቂት ስኳር ተጨምሮበት በቆርኪ ይታሸግና ሦስት አራት ዓመት ይተኛል። እርሾው ሥራውን ሲጨርስ አተላ ሆኖ ይቀራል። አተላውን ለማውጣት ጠርሙሱ ቀዳዳ ባለው ሳንቃ ላይ በአንገቱ ይሰካል። በየቀኑ ትንሽ ይዞራል፣ ትንሽ ወደታች ይደፋል። ከወር በላይ እንዲህ ሲቆይ አተላው ሁሉ ወርዶ ቆርኪው ላይ ይጠራቀማል። ከዚያ አንገቱን በረዶና ጨው ውስጥ ነክረን ቆርኪውን ስንከፍተው አተላው ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ቶሎ ብለን በቡሽ እንዘጋዋለን። የየዕለቱ ማዞር የኔ ሥራ ነበር። የት እንደደረስኩ እንዳይጠፋኝ የጠርሙሱ ቂጥ ላይ በጠመኔ አሰምራለሁ። የምድር ቤቱ ሕግ አንድ ነው፦ አንገቱን የደፋ ጠርሙስ አተላው ሳይወጣ ቀና አይደረግም። ለአንድ ደቂቃ ከቆመ አተላው ተመልሶ ይበተንና የወር ልፋት ገደል ይገባል።

ሙሴ ከመሄዱ በፊት የለቀምነው የመጨረሻው ወይን ልዩ ነበር። ዝናቡ ቶሎ አቆመ፣ ፍሬው ሳይበሰብስ በደንብ በሰለ። ሌላ ጊዜ የተለያየ ዓመት ወይን እናደባልቃለን፤ የዚያን ዓመቱን ግን ሙሴ ከምንም ጋር አላደባልቅም ብሎ ለብቻው አስቀመጠው። ሊሄድ ሲል ከዚያ ላይ ሃያ አራት ጠርሙስ ለጋሽ ደምሴ ሰጠው። «ለሰናይት ሰርግ» አለው በተሰባበረ አማርኛው። ቆሜ ሰምቻለሁ። ወረቀት ግን አልጻፈለትም። ስለዚህ ፋብሪካው ሲወረስ፣ ጋሽ ደምሴ ሃያ አራቱን ከአሮጌ በርሜሎች ጀርባ ደበቃቸው። ንብረቱ የራሱ ነው፤ ግን በዚያን ጊዜ ማን ያምነዋል? ሰናይት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትጨርስ እያንዳንዱን በገዛ እጁ ማዞር ጀመረ። ከሱና ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ሰናይትን ወሰዷት። የተቃዋሚ ወረቀት በትነሻል ብለው ከቤት ጎትተው የቀበሌዎቹ የበላይ በሆነው በከፍተኛው ግቢ አሰሯት። ግቢው ከፋብሪካው በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ጋሽ ደምሴ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ስንቅ ይወስድላታል። ጠባቂው የዛሬውን ይቀበልና የትናንቱን ባዶ ሳህን በጨርቅ እንደተቋጠረ ይመልስለታል። ማየት አይፈቀድም። ጋሽ ደምሴ ተመልሶ ሲመጣ ጨርቁን ሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «በልታለች» ይለኛል። እኔም «እሰይ» እላለሁ። ለዘጠኝ ቀን የተነጋገርነው ይሄንኑ ነው። በአሥረኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሲመጣ ምንም አላለኝም። ጨርቁን ጭኑ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ። ደክሞታል ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ረቡዕ ጠዋት ጓድ ሽመልስ ምድር ቤት ወረደ። የከፍተኛው ሊቀ መንበር ነው፤ ሽጉጡን ከኮቱ ውጪ የሚታጠቅ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ጎልማሳ።

«ጓድ ደምሴ፣ ቅዳሜ ምሳ ላይ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር እንግዶች ይመጡብኛል» አለ። «ሻምፓኝ እፈልጋለሁ። የፈረንጅ ገዝቶ አይደለም፤ የሠርቶ አደሩ እጅ የሠራው።»

«የደረሰ የለም ጌታዬ» አለ ጋሽ ደምሴ። ወዲያው ደንግጦ አረመው፤ «ጓድ ሊቀ መንበር ማለቴ ነው። የተኛው ገና ነው። ዛሬ መዞር ቢጀምር እንኳ ከወር በፊት አይጠራም።»

«አብዮቱ ወር አይጠብቅም።»

ጋሽ ደምሴ መሬት መሬት አየ። የሚያስበው ገባኝ።

«ሃያ አራት ጠርሙስ አለኝ» አለ። «የራሴ ነው፣ ፈረንጁ የሰጠኝ። አተላው ወርዶ አልቋል፣ አርብ ማውጣት እችላለሁ። እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው። ልስጥዎት፤ ልጄን ይስጡኝ።»

ጓድ ሽመልስ ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ያኔ ግን የደግነት መስሎኝ ነበር።

«እንግዶቼ ደስ ብሏቸው ከሄዱ» አለ፣ «ልጅህ ቅዳሜ ቤቷ ትገባለች።»

ሲወጣ ጋሽ ደምሴ እጄን ያዘኝ። «ሰማሽው? ትገባለች አለ። በሕይወት ከሌለች ትገባለች አይልም አይደል?»

«እንዴት ያለ ነገር ነው የምታወራው ጋሼ!» ብዬ ተቆጣሁት።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ስንቁን ይዞ ሄደ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ብዙም ሳይቆይ ከላይ የቦት ጫማ ድምፅና ጩኸት ተሰማኝ። ጠርሙስ የምታጥበው ሴት ደረጃውን እየሮጠች ወርዳ «አሰሳ ነው! መሣሪያ ፍለጋ ነው! በርሜሉን ሁሉ እየገለበጡ ነው!» አለችኝና ተመልሳ ሮጠች። የመጡት የሌላ ቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች ናቸው፤ የጓድ ሽመልስን ነገር አያውቁም። ከበርሜሉ ጀርባ የተደበቀ ጠርሙስ ካገኙ የሕዝብ ንብረት ሰውራችኋል ይላሉ። ይሰብሩታል፣ አለዚያም እዚያው ይጠጡታል። ቅዳሜ ባዶ እጃችንን ልንቀር ነው፤ ሰናይትም እዚያው ልትቀር ነው።

የማስበውን እንኳ ሳላውቅ በርሜሎቹ ጀርባ ገባሁ። ሃያ አራቱንም ከሳንቃው እየነቀልኩ ታጥበው ከሚጠብቁት ባዶ ጠርሙሶች መሃል ሳጥን ውስጥ ደረደርኳቸው። እጄ የለመደውን አደረገ፤ ሳጥን ውስጥ ጠርሙስ የሚቀመጠው ቆሞ ነው። ላያቸው ላይ ማቅ ጣልኩባቸው። ጠባቂዎቹ ገቡ፣ በርሜሎቹን ገለበጡ፣ አንዱ ማቁን በጠመንጃው አፍ ገለጥ አድርጎ «ባዶ ጠርሙስ ነው» አለና አለፈ። ሄዱ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ በደስታ አለቀስኩ። ሰናይትን ያዳንኳት መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ሲመለስ እየተንተባተብኩ ነገርኩት። መጀመሪያ «ጎበዝ» አለኝ። ከዚያ ባዶውን ሳንቃ አየ።

«የት አደረግሻቸው?»

«ሳጥን ውስጥ።»

«እንዴት?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቆመዋል?»

ያን ጊዜ ገባኝ። አምስት ዓመት በየቀኑ የጠበቅሁትን ሕግ በገዛ እጄ፣ ሃያ አራት ጊዜ አፍርሼዋለሁ። ጋሽ ደምሴ አንዱን ጠርሙስ አንስቶ አምፖሉ ፊት ያዘው። ጉሽ ጠላ ነው የሚመስለው። ሌላውን አነሳ፤ እሱም ያው ነው። እግሩ ላይ ወደቅሁ። አላነሳኝም፣ አልሰደበኝምም። «ተነሺ፣ ጊዜ የለንም» ብቻ አለኝ።

ጠርሙሶቹን መልሰን ሰካናቸው። ሁለት ቀን በየሰዓቱ አዞርናቸው። ቅዝቃዜ ያረጋዋል ብለን በረዶ አስመጥተን ዙሪያቸውን ከበብናቸው። የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለይኩ። አተላ ግን ጸሎት አይሰማም፤ በራሱ ጊዜ ነው የሚወርደው። ቅዳሜ ጠዋት ከፈትናቸው። የተወሰነው ወጣ፤ የቀረው ውስጡ እንደ ጭስ ተንጠልጥሏል። አንዷን ጠርሙስ ጋሽ ደምሴ ሳይከፍት ለይቶ አሸዋ ውስጥ በአንገቷ ተከላት። «ይቺ አትሄድም» አለ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። ሃያ ሦስቱን ይዘን ሄድን።

ምሳው ከፍተኛው አዳራሽ ውስጥ ነበር። እስር ቤቱ ከኋላ ነው፣ በአንድ ግቢ። እኔ ቀጂ ሆኜ ገባሁ፣ ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ቆመ። ጓድ ሽመልስ ስለ ሠርቶ አደሩ እጅ ንግግር አደረገ። ከዚያ አንድ ራሰ በራ እንግዳ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየው፤ አጠገቡ ላለው አሳየውና አንድ ነገር ተናገረ። ሁለቱም ሳቁ። አስተርጓሚው ለመተርጎም ፈራ። እንግዳው ብርጭቆውን ሳይቀምስ አስቀመጠና ቢራ ጠየቀ።

ሲያልቅ ጓድ ሽመልስ በሩ ላይ መጣ። «አሰደብከኝ» አለው ጋሽ ደምሴን።

«ጥፋቱ የኔ ነው ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ ነኝ ያቆምኳቸው!» ብዬ መሃል ገባሁ። ዘወር ብሎም አላየኝም።

«ልጄስ?» አለ ጋሽ ደምሴ።

«ቤትህ ግባ» አለው።

እሑድ ጋሽ ደምሴ ስንቁን ይዞ ሲሄድ ተከትዬው ሄድኩ። ጠባቂው ሳህኑን አልተቀበለውም። «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጣ» አለው። በዚያ ዘመን የነበራችሁ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ላልነበራችሁ ደግሞ ልንገራችሁ፦ ሞታለች ማለት ነው። ሬሳ የለም፣ ለቅሶ መቀመጥ አይፈቀድም። ጋሽ ደምሴ ትኩሱን ሳህን በሁለት እጁ እንደያዘ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኔ ከኋላው እየሄድኩ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ሰናይትን የገደልኳት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የኖርኩት ኑሮ ኑሮ አይባልም። ሊያገባኝ የጠየቀኝን ሰው ሸሸሁት፤ ለኔ የማይገባኝ ነገር መሰለኝ። ፋብሪካውን ልልቀቅ አልኩና ጋሽ ደምሴን ብቻውን መተው ከበደኝ። ታዲያ ያደረግሁት ምን መሰላችሁ? በየቀኑ ምሳ ሠርቼ፣ በጨርቅ ቋጥሬ አመጣለት ጀመር። እሱም ይበላል። ስለዚያ ሳምንት ግን አንድ ቀን አንስተን አናውቅም። እንዲህ እያልን ስምንት ዓመት አለፈ።

ጋሽ ደምሴ ጡረታ የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ሌሎቹ ስመውት ሲሄዱ «ወርቄ፣ ቆይ» አለኝ። አሸዋው ውስጥ እጁን ከቶ ያቺን ጠርሙስ አወጣ። አቧራዋን ጠርጎ አምፖሉ ፊት ያዛት። ወለል ብላ ጠርታለች።

«አየሻት?» አለኝ። «ጊዜ ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት።»

አተላዋን አውጥቶ በሁለት የሻይ ብርጭቆ ቀዳ። አረፋው ቀጭን ሆኖ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ገና ከምድጃ የወጣ ዳቦ ቅርፊት ይሸታል፣ ትርንጎ ትርንጎ ይላል፤ ከሁሉ በታች ደግሞ ያ ሰናይት ፊቷን ጨምድዳ ትበላው የነበረው ፍሬ አለ። በሕይወቴ እንዲያ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም።

ጋሽ ደምሴ ከኪሱ የድሮውን የስንቅ ጨርቅ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ሰናይት ጨርቅ ስትቋጥር ሁለት ጊዜ ነው የምትቋጥረው» አለ። «ከልጅነቷ ጀምሮ የምሳ ሳህኗን እንደዚያ ነው የምታስረው። እስር ቤትም ሆና ባዶውን ሳህን እንደዚያ አስራ ነበር የምትልክልኝ። ዘጠኝ ቀን ሁለት ቋጠሮ መጣ። ማክሰኞ ዕለት የመጣው አንድ ቋጠሮ ነበር።»

አልገባኝም።

«ሌላ ሰው ነው የበላው ወርቄ። ልቤ ያኔውኑ ነግሮኝ ነበር፣ አልቀበልም አልኩት። ሽመልስ ትገባለች ሲለኝ እሱን ማመን መረጥኩ። በኋላ፣ ዓመት ሳይሞላው፣ አብራት የታሰረች ልጅ ተፈታችና ነገረችኝ። ከዚያ ማክሰኞ በፊት በነበረው እሑድ ሌሊት ነው ወስደው የገደሏት። ሽመልስ ወይኑን ሲጠይቀኝ ሞታ ሦስት ቀኗ ነበር። አንቺ ጠርሙስ ያቆምሽው ሐሙስ ነው።»

መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ አይደለም። ንዴት ነው፤ ዓይኔ እስኪጨልም ነው የተናደድኩት። «ሰባት ዓመት!» አልኩት። «ሰባት ዓመት ሙሉ እያወቅህ፣ በየቀኑ ስንቄን እየበላህ፣ እንዴት ዝም ትለኛለህ?»

ጋሽ ደምሴ ሲያለቅስ ያን ቀን ነው ያየሁት። ሰናይት ስትሞት እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም።

«አንቺ ጥፋቱ የኔ ነው እያልሽ ስትሰቃዪ ሳይ» አለኝ፣ «እንግዲያው እስከ ቅዳሜ ነበረች እል ነበር። ያ ወይን ቢጠራ ኖሮ ትወጣልኝ ነበር፣ በሩ ጋ ደርሳ ነበር እል ነበር። የሚያምን ሰው ካለ እውነት ይመስላል። ላንቺ ብነግርሽ ልጄ እሑድ ልትሞትብኝ ነው። ስድስት ቀን ነው ወርቄ። ለስድስት ቀን ብዬ ዕድሜሽን በላሁት። ይቅር በይኝ።»

ምን ትሉት ነበር እናንተ? እኔ ያን ቀን ብርጭቆውን አስቀምጬ ወጣሁ። በወይኑ ተክል መሃል ቁልቁል እስከ ወንዙ ወረድኩ። ለቀማው አልፎ የተረሳ ዘለላ አገኘሁና አንድ ፍሬ ቆርጥሜ ጎመዘዘኝ። እዚያ ቁጭ ብዬ ለሰናይት አለቀስኩላት። ስምንት ዓመት ሙሉ ሳለቅስ የነበረው ለራሴ ጥፋት ነበር፤ ለሷ፣ ለዚያች ፊቷን ለምትጨመድድ ልጅ፣ ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዛሬ ከአራተኛ ፎቅ መስኮቴ ወደ ላፍቶ ሳይ ያ ቁልቁለት ሕንፃ በሕንፃ ሆኗል፤ አንድ የወይን ሐረግ የለም። ጋሽ ደምሴም ካረፈ ቆይቷል። ይሄን ያወራሁላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። በየቤታችሁ የሱ ያልሆነ ጥፋት ተሸክሞ የሚኖር ሰው ይኖራል። እውነቱን የምታውቁ እናንተ ከሆናችሁ፣ ቢያማችሁም ንገሩት። ሽመልስን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፣ አልዋሻችሁም። ጋሽ ደምሴን ግን ልጠላው ብዬ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። እኔም ብሆን ለሰናይት ስድስት ቀን ለመጨመር ምን አልሰርቅም ነበር?

ያቺን ጠርሙስ በከፈትን ማግስት ጋሽ ደምሴ ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ነበር። ምሳ ሠራሁ። ሳህኑን በጨርቅ ጠቀለልኩትና እንደ ወትሮዬ አንዴ ቋጠርኩት። ከዚያ ቆም ብዬ ሁለተኛ ቋጠርኩትና ይዤለት ሄድኩ።